አደጋው ወዴት ሄደ?

የሊቲየም ባትሪ ተፈትቶ ሲታይ ለዓይን የሚደንቅ ነገር የለውም። በአንድ ወገን ግራፋይት የተቀባ ስስ መዳብ፣ በሌላው ወገን የብረት ኦክሳይድ የተቀባ ስስ አሉሚኒየም፣ በመካከላቸው ከጸጉር የቀጠነ ፕላስቲክ አለ፤ ሁሉም በአንድ ፈሳሽ ርሰው ተጠቅልለዋል። ኤሌክትሮላይት የሚባለው ይህ ፈሳሽ የሊቲየም አዮኖችን ከወገን ወደ ወገን ያሻግራል። ኤሌክትሮኖችን ግን አያሳልፍም፤ እነርሱ በውጭ ባለው ሽቦ ዞረው፣ አምፖሉን አብርተው ወይም ሞተሩን አሽከርክረው መምጣት አለባቸው። ነገሩ የሚከብደው ፈሳሹ ከምን እንደተሠራ ሲጠየቅ ነው። በብዛት ከሚቀመምባቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ የሆነው ዳይሜቲል ካርቦኔት በ17 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ማለትም በአዲስ አበባ የቀን አየር፣ እሳት ቢጠጋው የሚቀጣጠል ተን ያወጣል። ሊነካኩ የማይገባቸውን ሁለት ወገኖች ለያይቶ የያዛቸው እንግዲህ ነዳጅ የጠጣ ስስ ገለፈት ነው። ይህን ያህል ኃይል በዚህ ያህል ቀጭን ድንበር ላይ ማሳደር ድፍረት ይጠይቃል፤ ድፍረቱን በኪሳችን ይዘነው ስለምንዞር ግን ድፍረት መሆኑ ተረስቶናል።

ድንበሩ ሲፈርስ የሚሆነውን ኢትዮጵያ በራሷ አውሮፕላን አይታዋለች። እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 2013 ለንደን ሂትሮ ላይ ሰው ሳይሳፈርበት ቆሞ የነበረው «ንግሥተ ሳባ» የተባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ከኋላ በኩል ጣሪያው ላይ እሳት ተነሣበት። የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪዎች ነገሩን ሲከታተሉ የደረሱት አውሮፕላኑ ቢወድቅ ያለበትን ቦታ በሬዲዮ እንዲጠቁም የተገጠመ አነስተኛ መሣሪያ ዘንድ ነው። በውስጡ የነበረው ዳግም የማይሞላ የሊቲየም ባትሪ፣ ሽቦዎቹ ከክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ስለነበር ሾርት ሳያደርግ አልቀረም። አንዱ ሴል ሲግል ጎረቤቱን አጋለው፤ እሳቱም ከመሣሪያው ወጥቶ የአውሮፕላኑን አካል በላ። ሰው አልተጎዳም። ለደኅንነት የተሰቀለው ዕቃ ራሱ የአደጋው ምንጭ መሆኑ እንደ አጋጣሚ ብቻ መታየት ያለበት አይመስለኝም። አደጋን ለመከላከል የምናስገባው ነገር ሁሉ የራሱን አደጋ ይዞ ይገባል፤ ከዚህ በታች የሚቀርበው ክርክርም የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ክርክሩ ይህ ነው። ፈሳሹን አውጥቶ በጠጣር ፖሊመር መተካት ለሃምሳ ዓመት ያህል የደኅንነት ተስፋ ሆኖ ቆይቷል፤ ተስፋውም መሠረት አለው። ጠጣሩ ግን አደጋውን ከባትሪው አያስወጣውም፤ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል ያዛውረዋል። ስለዚህ ስለ እያንዳንዱ ማሻሻያ ሊጠየቅ የሚገባው ቁሱ ጠጣር ስለመሆኑ ሳይሆን አደጋው ወዴት እንደሄደና በሄደበት ማን እንደሚጠብቀው ነው። ይህን ጥያቄ የዘለለ ማሻሻያ ጥሩ ኬሚስትሪ ሊሆን ይችላል፤ የደኅንነት ሥራ ነው ለማለት ግን ይቸግራል።

ነገሩ የተጀመረው ባትሪ ባልታሰበበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) በእንግሊዝ የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ፒተር ራይትና ባልደረቦቹ ፖሊኤቲሊን ኦክሳይድ የተባለ ፕላስቲክ የሶዲየምና የፖታሲየምን የመሰሉ ብረቶች ጨው እንደሚያሟሟ አሳዩ። ይህ ፕላስቲክ ሰንሰለቱ ሲያጥር በቅባትና በመድኃኒት ውስጥ የምናውቀው ነው፤ ትሑት ቁስ ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል አርማን በ1978 ስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ በተካሄደ ጉባኤ ላይ ይህ የፕላስቲክና የጨው ውሁድ ለባትሪ ኤሌክትሮላይት መሆን እንደሚችል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ የሚያምር ነበር፤ የሚፈስ የለ፣ የሚተን የለ፣ ገለፈቱና ኤሌክትሮላይቱም አንድ ነገር ይሆናሉ። ከዚያም በላይ በግራፋይት ፋንታ ንጹሕ የሊቲየም ብረትን መጠቀም ይቻል ይሆናል፤ ያ ደግሞ በተመሳሳይ ክብደት ብዙ ተጨማሪ ኃይል መያዝ ማለት ነው። ገና ከጅምሩ ደኅንነትና ስስት በአንድ ሐሳብ ውስጥ አብረው እንደተቀመጡ ልብ ይሏል። ሊቲየም ብረትን ወደ ባትሪው የመለሰው የጠጣሩ ተስፋ ነው፤ ከሊቲየም ብረት ጋር የሚመጣውን ችግርም ጠጣሩ ሊሸከም ተገደደ።

በፖሊመሩ ውስጥ አዮን እንዴት እንደሚሄድ መረዳት የክርክሩ ግማሽ ነው። ሰንሰለቱ ረጅም ነው፤ በየሁለት ካርበኑ አንድ ኦክስጅን አለው፤ ኦክስጅኖቹም የሊቲየም አዮንን ከበው ያቅፉታል። አዮኑ ከዚህ እቅፍ በራሱ ኃይል አይወጣም። የሰንሰለቱ ክፍሎች በሙቀት ሲወዛወዙ አንዱ ኦክስጅን ይለቀዋል፣ ሌላው ይቀበለዋል፤ በጥምቀት ቀን ጃንሜዳ በሕዝብ መካከል የሚያልፍ ሰው ሕዝቡ ራሱ ሲነቃነቅ በሚከፈተው ክፍተት እየገባ እንደሚራመድ ማለት ነው። ሕዝቡ ቀጥ ብሎ ከቆመ ማንም አያልፍም። ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች በ1983 እንዳሳዩት አዮኖቹ የሚሄዱት ሰንሰለቶቹ ሥርዓት ይዘው በተደረደሩበት ክፍል ሳይሆን በተዘበራረቁበት ክፍል ነው። ፖሊኤቲሊን ኦክሳይድ ደግሞ ከ65 ዲግሪ ገደማ በታች ግማሽ በግማሽ እየተደረደረ ይጠጥራል። በዚህ ምክንያት በ80 ዲግሪ ደኅና የሚያስተላልፈው ውሁድ በክፍል ሙቀት ከፈሳሹ አንድ ሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ ያነሰ ይሆናል።

ጥልቁ ችግር እዚህ ላይ ይታያል። ፖሊመሩ የሚያሻግረው ስለሚወዛወዝ ነው፤ የሚወዛወዘውም ለስላሳ ስለሆነ ነው። ግድግዳ እንዲሆንልን የፈለግነው ግን ጠንካራ ነው ብለን ነው። የማሳለፍ ችሎታውና የመቋቋም ድክመቱ የሚወለዱት ከአንድ እናት ነው፤ አንዱን ስታሳድግ ሌላውን ታሳድጋለህ፣ አንዱን ስትቀጣ ሌላውን ትቀጣለህ። ስለ ፖሊመር ኤሌክትሮላይት የተሠራው ብዙ ምርምር፣ ስሙ ምንም ይባል ምን፣ እነዚህን ሁለት ጠባዮች ለማፋታት የተደረገ ሙግት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሙግቱ እስካሁን ሙሉ ፍርድ አላገኘም።

የመጀመሪያው መፍትሔ ቀላሉ ነበር፤ ማሞቅ። የፈረንሳዩ ቦሎሬ ኩባንያ በብሪታኒ የሠራቸው የሊቲየም ብረትና የፖሊመር ባትሪዎች በ2011 መጨረሻ በፓሪስ በተጀመረው ኦቶሊብ በተባለው የመኪና ኪራይ አገልግሎት ላይ ውለው ነበር። ባትሪዎቹ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ሙቀት መቆየት ነበረባቸው፤ ስለዚህ መኪናው ቆሞም ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ካልተሰካ የራሱን ኃይል እየበላ ራሱን ያሞቃል። አገልግሎቱ በ2018 ተዘጋ፤ የተዘጋው በገንዘብ ጉዳይ ነው እንጂ በባትሪው አልነበረም። ቢሆንም የሚያስተምረን ነገር አለ። ተኑ ተወግዶ በምትኩ ዘወትር የሚሞቅ ዕቃ መጣ። የሚቆጣጠረው መሣሪያ ቢሳሳት፣ የሙቀት መለኪያው ቢዋሽ፣ አደጋው የሚገባበት አዲስ በር ተከፈተ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ በልማድ ለፖሊመሩ የምንሰጠው ምስጋና የተወሰነው የእርሱ አይደለም። ፖሊኤቲሊን ኦክሳይድ ከ4 ቮልት ገደማ በላይ መቋቋም ስለማይችል በሌላው ወገን የሚጋባው ቮልቴጁ ዝቅ ካለው ከሊቲየም አይረን ፎስፌት ጋር ነው። ይህ ደግሞ በሙቀት ኦክስጅኑን በቀላሉ የማይለቅ ካቶድ (የባትሪው አዎንታዊ ወገን) ነው። እንግዲህ ደካማነቱ ጨዋ የትዳር ጓደኛ እንዲመርጥ አስገደደው፤ ጨዋነቱ የጓደኛው ሆኖ ሳለ ስሙ ለእርሱ ተሰጠ።

ሌሎቹ መንገዶች ረቀቅ ያሉ ናቸው። የሮም ተመራማሪዎች በ1998 እጅግ የደቀቀ የታይታኒየምና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ከፖሊመሩ ጋር ቀላቅለው ሰንሰለቱ እንዳይደረደር አደረጉ፤ የማስተላለፍ አቅሙም ጨመረ። ሌሎች ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ አቆላለፉ። ሌሎች ደግሞ አንዱን ክፍል ጠንካራ፣ አንዱን ክፍል ለስላሳ አድርገው በአንድ ሰንሰለት ላይ ሰፉ፤ ጠንካራው እንዲሸከም፣ ለስላሳው እንዲያሻግር። ይህ የመጨረሻው ልቤን ይማርከዋል፤ ምክንያቱም ሁለቱን ጠባዮች በአንድ ቁስ ውስጥ ለማስታረቅ ከመድከም ይልቅ ለየብቻ ቤት ይሰጣቸዋል። ፈሳሽ ጨምሮ ፕላስቲኩን ጄል ማድረግም አለ፤ በሱቅ «ሊቲየም ፖሊመር» እየተባለ የሚሸጠው የስልክ ባትሪም በአመዛኙ ያው በፈሳሽ የራሰ፣ ለስላሳ ከረጢት ውስጥ የታሸገ ባትሪ ነው። በእርሱ ላይ አንዘገይም።

ልንዘገይበት የሚገባው ሌላ ጉዳይ ነው። በተለመደው የፖሊመርና የጨው ውሁድ ውስጥ ከአሥር እጅ ኤሌክትሪክ ሁለት እጅ ያህሉን ብቻ የሚሸከመው ሊቲየሙ ነው፤ የቀረውን የሚሸከመው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሮጠው የጨው አሉታዊ አዮን ነው። ባትሪው በፍጥነት ሲሞላ አሉታዊዎቹ ወደ አንድ ወገን ይከማቻሉ፤ ሊቲየም ብረቱ አጠገብ ጨው እየሳሳ ይሄዳል። ፈረንሳዊው ዣን-ኖኤል ሻዛልቪየል በ1990 በቀመር እንዳመለከተው ጨው እዚያ ሲያልቅ ብረቱ ለስልሶ መደረቡን ትቶ እንደ ቅርንጫፍ መሾል ይጀምራል። ዴንድራይት የሚባለው ይህ እሾህ ተሻግሮ ሌላውን ወገን የነካ ቀን ሾርት ይሆናል። እንግዲህ እሾህን የሚወልደው የግድግዳው መላላት ብቻ አይደለም፤ የትራፊኩ አድልዎም ነው። በ2013 ሌሎች ፈረንሳውያን፣ አርማንም ከእነርሱ ጋር ሆኖ፣ አሉታዊውን አዮን በሰንሰለቱ ላይ ቸንክረው ሊቲየሙ ብቻ እንዲንቀሳቀስ ያደረጉበትን ፖሊመር አቀረቡ። ይህ በእኔ ግምት ከሁሉም የበለጠ አስተዋይ ማሻሻያ ነው፤ ግድግዳውን ከማወፈር ይልቅ እሾህ የሚበቅልበትን ምክንያት ያጠቃልና። እርሱም ቢሆን በደንብ የሚሠራው ሲሞቅ ነው።

ግትርነትን የሚያምኑ ሰዎች መልስ አላቸው። በ2005 በበርክሌይ ቻርልስ ሞንሮና ጆን ኒውማን ባሰሉት መሠረት፣ የመለያው ግትርነት ከሊቲየም ብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ቢደርስ እሾሁ ገና ሳይበቅል ይታፈናል። ስሌቱ ትክክል ነው። ተራው ፖሊመር ከዚያ ልክ በብዙ ይርቃል፤ ስለዚህ ብዙዎች ፊታቸውን ወደ ሴራሚክ አዞሩ። ጋርኔት የሚባለው የሴራሚክ ዓይነት ከሊቲየም ከአሥር እጥፍ በላይ ግትር ነው። ሊቲየም ግን በእርሱም ውስጥ ሰርጎ ተገኘ፤ በቅንጣቶቹ መጋጠሚያ፣ በጥቃቅን ስንጥቆቹ በኩል። ስሌቱ ያሰበው እንከን የሌለበትን ወለል ነበር፤ ዓለም ደግሞ እንከን የሌለበት ወለል አልሰጠችንም። ጠንካራው ሲሰነጠቅ ጨርሶ ይሰነጠቃል፤ ለስላሳው ቢወጋም ይለጠጣል፣ የባትሪው ወገን (ኤሌክትሮዱ) ሲያብጥና ሲሟሽሽ አብሮት ይሄዳል። ልስላሴ እንግዲህ ድክመት ብቻ አልነበረም።

አሁን የሚከብደውን ማስረጃ እናንሣ። በኤፕሪል 2022 በፓሪስ ጎዳናዎች ላይ ሁለት የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች በአንድ ወር ውስጥ ተቃጠሉ፤ የከተማዋ የትራንስፖርት ድርጅትም 149 አውቶቡሶችን ከመንገድ ለጊዜው አነሣ። ሰው አልተጎዳም። የአውቶቡሶቹ ባትሪዎች ያው የቦሎሬ ጠጣር ፖሊመርና ሊቲየም ብረት ነበሩ። በአሜሪካም ቀደም ሲል አቬስቶር የተባለው የካናዳ ኩባንያ የሠራቸው ተመሳሳይ ባትሪዎች በመንገድ ዳር የቴሌፎን ሣጥኖች ውስጥ አደጋ በማድረሳቸው በ2008 የቴሌፎን ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ 17 ሺህ ያህሉን ለመቀየር ተገድዷል። ተሟጋች እንዲህ ይለናል፦ ይህ የፋብሪካ ጉድለት ነው፤ በፖሊመሩ ላይ ለምን ትፈርዳላችሁ? መልሱ አጭር ነው። ፈሳሹ ባትሪም በደንብ ሲሠራ አይቃጠልም። የደኅንነት ጥያቄ የሚነሣው ጉድለት ሲኖር ነው፤ እንከን እስካልገኘበት ድረስ ብቻ ደኅና የሆነ ዕቃን ደኅና ማለት የፈተናውን ወረቀት ከፈተናው በፊት ማረም ነው። ፖሊመሩም ይቃጠላል፣ ፕላስቲክ ነውና። ሊቲየም ብረት በ180 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፣ ውኃ ሲነካውም ሃይድሮጅን ያወጣል። አደጋው ከፈሳሹ ወጥቶ ወደ ብረቱ ገብቶ ነበር።

ሁለተኛው ተሟጋች ከዚህ የባሰ ይጠይቃል። አደጋ የሚዛወር ብቻ ከሆነ ከድጡ ወደ ማጡ ለምን እንለፋለን? ኃይል የተከማቸበት ሁሉ አደገኛ ነው፤ ተዉት ይላል። ይህ ብልሃት የሚመስል ስንፍና ነው። አንድ ኪሎ ስኳር ሲቃጠል የሚሰጠው ኃይል አንድ ኪሎ ቲኤንቲ ሲፈነዳ ከሚሰጠው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፤ ሆኖም ስኳርን ወጥ ቤት እናስቀምጣለን። ልዩነቱ በኃይሉ መጠን ላይ የለም፤ በሚወጣበት ፍጥነትና በሚወጣበት መንገድ ላይ ነው። አደጋ ሲዛወር ፍጥነቱም መንገዱም ይለወጣል። የማይተን፣ የማይፈስ ኤሌክትሮላይት ከተሰነጠቀ ባትሪ ወጥቶ ጎረቤቱን አያርስም፤ በሣጥን ውስጥ ተጠራቅሞ የሚፈነዳ ተን እንደ ፈሳሹ በቀላሉ አያወጣም፤ ለማምለጥ ደቂቃዎች ሊሰጥ ይችላል። ደቂቃ ደግሞ በተቃጠለ አውቶቡስና በሞተ ተሳፋሪ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ስለዚህ ሁሉም መዛወር እኩል አይደለም፤ ከፈጣኑ ወደ ዘገምተኛው፣ ከማይታየው ወደሚለካው የሚወስደው መዛወር መሻሻል ይባላል። ሽግግሩ በተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም ጠጣሩን ተማምነን ብዙ ኃይል በአንድ ቦታ ካጨቅን፣ ያተረፍነውን ደቂቃ መልሰን አጥተነዋል።

ሦስተኛው ተሟጋች ከፋብሪካ የመጣ ነው፣ ቃሉም ክብደት አለው። ፈሳሹ ባትሪ ከሚሊዮኖች አንዱ ብቻ ነው የሚከሽፈው፤ ሶኒ በ1991 ለገበያ ካቀረበው ወዲህ ዓለም በእርሱ ትሠራለች፤ ፖሊመሩን ለምን? እውነት ነው፤ ግን አንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪኖች እያንዳንዳቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ሴሎችን ይይዛሉ፣ መኪኖቹም ሚሊዮኖች ናቸው። ከሚሊዮኖች አንዱ የሚለው ተስፋ በዚህ ብዛት ሲባዛ በየዓመቱ የሚደርስ ነገር ይሆናል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል እንደተባለው፣ ጠጣሩ ኤሌክትሮላይት መታየት ያለበት እንደ አንድ ባላ ነው። ሌሎቹም መኖር አለባቸው፤ ሙቀት የሚከታተል መቆጣጠሪያ፣ ሴልን ከሴል የሚለይ እሳት የማያሳልፍ ሽፋን፣ ኦክስጅን የማይለቅ ካቶድ። ጠጣሩ ስላለን ሌሎቹን እንንቀል የሚል ሻጭ ከመጣ፣ የተቀበልነው አንዱን ባላ ብቻ ነው።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች፤ በምትካቸው የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም በብዛት ከቻይና ይመጣሉ። ቻይና በ2020 ያወጣችው የባትሪ ደኅንነት መስፈርት አንድ ሴል ከቁጥጥር ውጭ ሲግል ተሳፋሪዎች አደጋ ከመድረሱ ቢያንስ 5 ደቂቃ ቀደም ብሎ ማስጠንቀቂያ እንዲያገኙ ያዝዛል። በ2025 የተሻሻለውና ከጁላይ 2026 ጀምሮ በአዳዲስ ሞዴሎች ላይ የሚጸናው ደግሞ ጨርሶ እሳትና ፍንዳታ እንዳይኖር ይጠይቃል። ሁለቱም ኤሌክትሮላይቱ ፈሳሽ ይሁን ጠጣር አይሉም፤ የሚጠይቁት አንዱ ሴል ሆን ተብሎ እንዲከሽፍ ከተደረገ በኋላ የሚሆነውን ነው። መኪና የሚገዛ ሰው፣ መኪና የሚያስገባ ነጋዴና ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት፣ «ባትሪው ጠጣር ነው» የሚል ማስታወቂያ ሲቀርብላቸው በየትኛው መስፈርት እንደተፈተነ፣ በስንት ዲግሪ እንደሚሠራና አንዱ ሴል ሲነድ ጎረቤቱ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ።